የጋሽ ኢሶጋይ ሱሺ አያቃጥልም

ሂሚ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1996

ለወንድሜ ለቶኩጂ፣

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። አንተም ባለቤትህም በጤና መሆናችሁን አንብቤ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ ወረድ ብዬ የዚያን ምግብ ቤት ስም ሳገኝ ደስታዬ ግማሽ ሆነ። በስልክ የማልመልስልህ ጨክኜብህ አይደለም። ስልኩ ያለው እማዬ ራስጌ ነው። የምናወራውን ሁሉ ትሰማለች፤ ከሰማች ደግሞ "ልጁን ተይው፣ ሥራ አለበት" ትለኛለች። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፤ የእጅ ጽሑፌን ቻለው።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። እማዬን ለሰባ ሰባተኛ ዓመቷ ካናዛዋ ድረስ ወስደን፣ ያ ኩሬና ጥድ ያለው ግቢ ውስጥ እናብላት ብለሃል። ሐሳቡ የልጅ ሐሳብ ነው፤ እግዜር ይስጥህ። እሷ ግን አትፈልግም። "ምን አማረሽ?" ብዬ ስጠይቃት አፍታም አላሰበች። "ኢሶጋይ ቤት፣ ባንኮኒው ፊት፣ እኔ መሀል፣ እናንተ ግራና ቀኝ" አለችኝ። አባባ በሕይወት ሳለ እንቀመጥ እንደነበረው ማለቷ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ አለ። ጋሽ ኢሶጋይ በዓመቱ መጨረሻ ቤቱን ሊዘጉ ነው። በሩ ላይ በብዕር የጻፏትን ወረቀት ለጥፈዋል። ቀኝ ትከሻቸው አልነሳ ብሏቸዋል፤ ልጃቸውም ቢሮ ገብቶ ዓሣ መንካት ከተወ ቆይቷል። ስለዚህ "በኋላ እናየዋለን" የምትላት ነገርህ ዘንድሮ አትሠራም።

ልጄ ሳዮሪ ኒጋታ ሆና ሆዷን እያሻሸች ትጠብቃለች፤ የዲሴምበር ልጅ ነው ብለዋታል። ባሕሩ እንደሆነ ዝም ብሏል። ነጎድጓዱ ስላልመጣ እሱን ተከትሎ የሚመጣው ቡሪ ዓሣም አልመጣም፤ መረብ ጣዮቹ ሰማይ ሰማይ እያዩ ይውላሉ። መቼ እንደምትመጣ ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ ኪኑዬ


ኦሳካ፣ ኖቬምበር 17

ለእትዬ ኪኑዬ፣

ሳልመልስልሽ በመቆየቴ ይቅርታ። ቶሎ ያልጻፍኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ታምኚኛለሽ፤ እውነቱ ግን እንዳትቀየሚኝ ቃል ስመርጥ ነው የቆየሁት። ቃሉም አልተገኘም፤ ዝም ብዬ ልናገረው።

እዚያ ቤት እማዬን ለማክበር መሄድ አይታየኝም። ሌላ ጊዜ ይሁን፤ ማንም ሰው ከገበያ ሲመለስ ጎራ ብሎ የሚበላበት ቤት ነው። ለሰባ ሰባተኛ ዓመት ግን? ቴሌቪዥኑ የትግል ግጥሚያ እያሳየ ይጮኻል። ግድግዳው ላይ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ለጌጥ ከሱሺው አጠገብ የሚያስቀምጧት ያቺ ፕላስቲክ ቅጠል ደግሞ ታጥባ ታጥባ ነጭ ሆናለች። ዓሣው ጥሩ ነው፤ ባሕሩ ደጃፉ ላይ ሆኖ ጥሩ ባይሆን ነበር የሚገርመው። ሱሺ ግን ዓሣ ብቻ አይደለም።

ዋናው ነገር ደግሞ አያቃጥልም። እዚህ እኛ የምንሄድበት ቤት አንዷን ስትጎርሺ፣ ከዓሣው ሥር የተቀባው ዋሳቢ እንደ ሰናፍጭ ከአፍንጫሽ ተነስቶ ናላሽ ድረስ ይወጣል። ዓይንሽ እንባ ሳያቀርር ሱሺ በላሁ አትዪም። የጋሽ ኢሶጋይ ግን ለብ ያለ ነገር ነው፤ የሕፃን ምግብ። ለአባባ ቀብር መጥቼ የበላሁትም እንዲያው ነበር። እጃቸው ደክሟል፣ ወይም ለአሮጊቶቹ ብለው ቀንሰውታል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ዋሳቢው አቃጥሎኝ ያለቀስኩባትን ቀን ታስታውሻለሽ። መርከበኞቹ ሁሉ ተደርድረው ሲስቁብኝ፣ አባባ አፍሮ ወደ ግድግዳው ሲያይ፣ እኔ የጎረስኩትን በእጄ ይዤ ንፍጤና እንባዬ አንድ ሆኖ። ቀጥሎ የሄድን ጊዜ ግን ጥርሴን ነክሼ ጎረስኩ። ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም። አባባ ጠረጴዛውን መታና "ልጄ ወንድ ወጣው!" ብሎ በገዛ ኩባያው ሻይ አጠጣኝ። ያንን ኩባያ በሁለት እጄ እንደያዝኩ እስከዛሬ ይታየኛል። ከአባባ የቀረኝ ትልቁ ነገር እሱ ነው ብልሽ አልዋሸሁም። ለዚህም ነው ዛሬ እዚያው ተቀምጬ ያ የማያቃጥል ነገር ሲቀርብልኝ ቅር የሚለኝ።

"አፍ አለህ አይደል፣ ጨምሩልኝ በላቸው" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አባባ ያስተማረንን ረሳሽ? ባንኮኒ ፊት የተቀመጠ የቀረበለትን ይበላል፤ ባለሙያን እንዲህ አድርግ እንዲያ አድርግ ማለት ነውር ነው።

ስለ ካናዛዋው ቤት አስቢበት። ስለ እማዬ ጤና የጠየቅኩሽን ዘለልሽው።

ወንድምሽ ነኝ የሚልሽ፣
ቶኩጂ


ሂሚ፣ ኖቬምበር 25

ለተከበሩ የኦሳካው ጌታ፣

አያቃጥልም ያልካትን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ በመጨረሻ ግራ ገባኝ። እኔ እዚያ ቤት የበላሁ ቀን መሐረብ ሳልይዝ አልሄድም። ባለፈው ወር እንኳ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ አጠገቤ ሆና ሳለች፣ ስኩዊድ ከምትባል የባሕር ፍጥረት የተሠራችውን ጎርሼ እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል "ነፍሱን ይማረውና ባልሽ ትዝ አለሽ?" ብላ አባበለችኝ። አንተ የምትበላውና እኔ የምበላው ከአንድ እጅ የወጣ ነው? ምላስህን ኦሳካ በልታብህ ይሆናል አልኩ።

ስለ ቴሌቪዥኑና ስለ ፕላስቲኳ ቅጠል ግን አልመልስልህም። ለእኔ ሱሺ ማለት ከሕዝብ መታጠቢያው ወጥቼ፣ ፀጉሬ እርጥብ እንደሆነ፣ በነጠላ ጫማ ገብቼ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየኝ የምበላው ነገር ነው። እማዬ ጥርሷ ስለደከመ ጋሽ ኢሶጋይ ሳትነግራቸው አሳንሰው ነው የሚሠሩላት። ያ ኩሬና ጥድ ያለው ቤት ውስጥ የእማዬን ጥርስ ማን ያውቃል? አንገቷን አቀርቅራ፣ ሳህኑን እየፈራች ነው የምትበላው። አንተ ልታከብራት ትፈልጋለህ፤ እኔ እንድትጠግብ እፈልጋለሁ። የተለያየነው እዚህ ላይ ነው።

ሐሙስ እማዬን ይዤ ሄድኩና እንደ ቀልድ ነገሩን አነሳሁት።

"ጋሽ ኢሶጋይ፣ ቶኩጂ ሱሺዎ አያቃጥልም ይላል።"

እጃቸው ሩዙ ላይ ቆመ። "እንደዛ አለ?"

"አዎ። እኔን ያስለቅሱኛል፤ ለሱ ምነው ሰሰቱ?"

አልሳቁም። ጨርቁን አንስተው ባንኮኒውን ጠረጉት፤ ጠርገው ሲጨርሱ ንጹሑን መልሰው ጠረጉት። "እሱ አደራ ነው" አሉኝ።

"የማን አደራ?"

"የሰጠኝ ሰው ይናገር እንጂ፣ እኔማ ምን አፍ አለኝ። ቶኩ ይምጣ። አንድ ቀን በአፉ ቢጠይቀኝ ኖሮ ይሄኔ አልቆ ነበር።"

ወደ ሩዛቸው ተመለሱ። እማዬ አጠገቤ የእንቁላል ሱሺዋን ትበላለች፤ የሰማች አትመስልም። ነገሩ ይኸው ነው፤ እኔም እንዳንተው አላውቀውም። ስትመጣ ትጠይቃቸዋለህ፤ የአባባን ሕግ ለአንድ ቀን ብታፈርሳት ሰማይ አይወድቅም።

እማዬ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች። ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን።

ኪኑዬ


ኦሳካ፣ ዲሴምበር 3

ለእትዬ ኪኑዬ፣

በአጭሩ ስለምጽፍልሽ ይቅርታ። በዓመቱ መዝጊያ እዚህ ሰው ለመተንፈስም ጊዜ የለውም፤ አዲሱ አለቃዬ ደግሞ ፈቃድ ሲባል ፊቱ ይጨልማል። በዲሴምበር መምጣት አልችልም። በፀደይ፣ ቼሪው ሲያብብ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ካናዛዋ እንሄዳለን፤ እማዬም ቀኑ ሞቅ ሲል ይሻላታል። ለጋሽ ኢሶጋይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለደከሙበት ዘመን አመሰግናለሁ በያቸው።

አደራ ስላልሽው ነገር፦ እንቆቅልሽ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

ለእማዬ የምትወደውን ጨው የነካው የባሕር ቅጠል በሳጥን ልኬያለሁ።

ቶኩጂ


ሂሚ፣ ዲሴምበር 8

ወንድሜ ቶኩጂ፣

ሳጥኑ ደርሷል። እማዬ ከፍታ ስታየው ፊቷ በራ። "ማን ላከው?" አለችኝ። "ቶኩጂ" አልኳት። ሻይ አፍልቼ ስመለስ "ማን ላከው?" አለችኝ። ከምሳ በኋላም ጠየቀችኝ። ማታ ሳጥኑን ባጣው፣ ልብስ ማስቀመጫው ውስጥ ከክረምት ካልሲዎቹ ሥር ደብቃዋለች። "ቶኩ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እንበላዋለን፤ አሁን ብትነኪው ያለቅሳል" አለችኝ።

ደህና ናት ስልህ የከረምኩት ይህን ነው። ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ይህ እውነት ነው። ከበጋው ጀምሮ ግን ቀኖቹ ተደባልቀውባታል። አንዳንድ ጠዋት እኔን በአክስታችን ስም ትጠራኛለች። ያልነገርኩህ ከሩቅ ሆነህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ልልህ ነበር፤ ግን አንተ እንኳ እንደ ድሮዋ አድርገህ ብታስባት ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሰው እንኳ እንደ ድሮዋ ይያት ብዬ ነው።

ስለዚህ ፀደይን አትንገረኝ። በፀደይ ትኖራለች፤ ማን እንደሆንክ ታውቅህ እንደሆነ ግን አላውቅም። ጋሽ ኢሶጋይ ቤት ስትገባ ደግሞ ሌላ ሰው ትሆናለች። የቱ ወንበር የማን እንደሆነ፣ አባባ ከምን ጀምሮ በምን ይጨርስ እንደነበር አንድ አይጠፋትም። ያ በር ሲዘጋ የት እንደምወስዳት አላውቅም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ሳዮሪ ዛሬ ደውላ ነበር፤ ሐኪሙ ቀኑ ቀርቧል ብሏታል። የመጀመሪያዋ ነው፤ እናቷ ነኝና መሄድ አለብኝ። ወሩ በገባ በአሥራ ዘጠኝ ባቡር እሳፈራለሁ፤ እማዬን ለጎረቤት ትቼ ልሄድ አልችልም። ለሱሺ ና አላልኩህም አሁን። ለእናትህ ና። ለአለቃህ የፈለግከውን ንገረው።

ከመጣህ፦ ሻይዋን ለብ ሲል ስጣት፤ መታጠቢያ ቤት ስትገባ መብራቱን ቀድመህ አብራ፤ በሌላ ስም ከጠራችህ አታርማት፤ ዝም ብለህ አቤት በል።

ኪኑዬ


ሂሚ፣ ዲሴምበር 23

ለእትዬ ኪኑዬ፣ ኒጋታ

እንኳን ደስ ያለሽ። ትናንት በስልክ የሳዮሪ ልጅ ሴት ናት ስትዪኝ፣ ለእማዬ ብነግራት "የኪኑዬ ልጅ ኪኑዬን ትመስላለች?" አለችኝ። ትመስላለች አልኳት። ካልመሰለች ጥፋቱ የኔ ነው። እስክትመለሺ እዚሁ ነኝና አትቸኩዪ፤ ቢሮው ያለ እኔም ዓመቱን ይዘጋዋል።

የደረስኩ ቀን በረዶ ይጥል ነበር። አንቺ ባቡርሽን እንዳታጪ ስትሮጪ በወጉ እንኳ ሳንነጋገር ተላለፍን። እማዬ ከውስጥ ወጣችና ጫማዬን ሳወልቅ ቆማ አየችኝ። "ሄይሳኩ፣ መረቡ እንዴት ነበር?" አለችኝ። የጠራችኝ በአባባ ስም ነው። እንዳልሽው አላረምኳትም። "ሞልቶ ነበር" አልኳት። "እሰይ" አለችና ካልሲዬን እንድቀይር ይዛኝ ገባች። አንቺ ይህን ሁሉ ወራት ብቻሽን ስትችዪው እኔ ስለ ቼሪ አበባ ስጽፍልሽ መክረሜ አሳፈረኝ።

ትናንት ጠዋት ነጎድጓዱ መጣ። ቤቱ እስኪንቀጠቀጥ ነጎደ፤ እማዬም ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና "ቡሪው መጣ" አለች። ቀትር ላይ ጃንጥላ ይዤላት ጋሽ ኢሶጋይ ቤት ሄድን። ትግሉ በቴሌቪዥን ይጮኻል፤ የቀን መቁጠሪያው የዘንድሮው ነው፤ ያቺን ነጭ የሆነች ፕላስቲክ ቅጠልም አግኝቻታለሁ። እማዬ መሀሉ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ኢሶጋይ ምንም ሳይሉ በአባባ ኩባያ ሻይ ቀዱልኝ። ለካ እስከዛሬ ከመደርደሪያው አላነሱትም።

መጀመሪያ ነጩን ዓሣ ሰጡኝ፤ በላሁ፤ ምንም አያቃጥልም። ቡሪውን መቁረጥ ሲጀምሩ የአባባን ሕግ አፈረስኩ። አትሳቂብኝ።

"ጋሽ ኢሶጋይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዛሬ ዋሳቢ ያድርጉልኝ።"

ቢላቸውን አስቀመጡ። "አልቅሰህ የወጣህ ቀን ትዝ ይልሃል?" አሉኝ።

"በደንብ አድርጎ።"

"በማግስቱ ጠዋት፣ በሩን ሳልከፍት እናትህ መጡ። ያኔ ቤቱን ከከፈትኩ ገና ጥቂት ወራት ነበር፤ ደንበኛ ሊወቅሰኝ መጣ ብዬ ደነገጥኩ። 'አድርግበት እስክልህ ድረስ ለልጄ ዋሳቢ እንዳታደርግበት። ሳታደርግበት እንዳደረግክበት ሁን። አባቱ እንዳያውቅ፣ ልጁም እንዳያውቅ' አሉኝ። እሺ አልኩ። አድርግ አላሉኝም። አንተም አልጠየቅከኝ። በመሀል አድገህ ኦሳካ ሄድክ፤ አንዳንዴ ብቅ ትላለህ፤ በእጄ አደራ አለ፤ ምን ላድርግ?"

እትዬ፣ ያ ጥርሴን ነክሼ የዋጥኩት፣ አባባ ጠረጴዛ የመታለት፣ ወንድ ወጣው የተባልኩበት ጉርሻ ባዶ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ በዚያች ቀን ስንት ጊዜ ደረቴን እንደነፋሁ አንቺ ታውቂያለሽ። ከአባባ የቀረኝን ከእጄ የነጠቁኝ መሰለኝ፤ ተናደድኩም። "አባቴ ታዲያ ተሞኝቶ ሞተ ማለት ነው?" አልኳቸው።

ጋሽ ኢሶጋይ ትከሻቸውን አሸት አደረጉ። "አንድ ቀን፣ አንተ የስምንት ወይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለህ፣ አባትህ ከመርከበኞቹ ጋር ሲያወራ ተሳስቶ ያንተን አንስቶ ጎረሰ። አላመጠ። ቆመ። እኔን አየኝ፣ እናትህን አየ። ከዚያ ዋጠና ሻይ ጠጣበት፤ ወደ ሰዎቹ ዞሮ 'ይሄ ልጄ የሚበላውን ዋሳቢ እኔም አልችለው' አላቸው። ከዚያ በኋላም ባየሁት ቁጥር እንደዚያው ይል ነበር።"

ኩባያውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ለካ አባባ ሲኮራብኝ የኖረው እያወቀ ነው። ወንድ ያስባለኝ የኔ ጥርስ አልነበረም፤ እነሱ ሦስቱ ናቸው፣ ከዚያች ጠዋት ወዲህ አንዱም ላንዱ ሳያነሳው።

"አደራው ግን የእሳቸው ነው፤ እኔ አልፈታውም" አሉና ጋሽ ኢሶጋይ ወደ እማዬ ጎንበስ አሉ። "ወይዘሮ ፉሚ፣ ቶኩ ዋሳቢ አድርግልኝ እያለኝ ነው። ላድርግለት?"

እማዬ እንቁላሏን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። ፀጉሬን አየች፤ የሸበተውን እኮ ነው የምልሽ፤ እጄን አየች። ከደረስኩ ጀምሮ ሄይሳኩ ስትለኝ የነበረችው ሴት፣ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ ማን እንደሆንኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀችኝ። ፊቷ ላይ አየሁት።

"ገና ነው" አለች። "ቶኩ ገና ነው። ለከርሞ ታደርግለታለህ።"

ጋሽ ኢሶጋይ በስድስት ቀን ቤታቸውን ይዘጋሉ። "እሺ፣ ለከርሞ" አሏትና ቡሪውን ያለ ዋሳቢ ሠርተው ፊቴ አስቀመጡት።

ስለ ክርክራችን ልጻፍልሽና ላብቃ። ተሸነፍኩ አልልሽም፤ የጋሽ ኢሶጋይ ሱሺ ዛሬም አያቃጥልም። ጎረስኩት። የቡሪው ስብ ምላሴ ላይ ሟሟ፤ ሩዙ ለብ ያለ ነበር። ዓይኔን ላለማርገብገብ ሞከርኩ፤ ይህኛውን ግን አልቻልኩትም። እማዬ እጅጌዬን ያዘችና ጎንበስ ብላ ፊቴን አየች።

"ምን ያስለቅስሃል?" አለችኝ፣ ማንም እንዳይሰማ ድምጿን ቀንሳ። "አላደረገበትም እኮ።"

ወንድምሽ ቶኩጂ